በሐዛራዎች ላይ ለተፈጸመ ጥቃት የተሰጠ ዓለም አቀፍ ምላሽ

በአፍጋኒስታንና በፓኪስታን የሚኖሩትን፣ በአብዛኛው የሺዓ እስልምና ተከታይ የሆኑትን ሐዛራዎች ከግድያ ለመታደግና አጥፊዎችን ለመጠየቅ መንግሥታት፣ ዓለም አቀፍ ተቋማትና የመብት ተሟጋቾች ያደረጉት ጥረት ነው። በደሉ የቆየ ነው፤ የአፍጋኒስታን ገዥ የነበሩት አሚር አብዱር ራህማን ኻን ከ1891 እስከ 1893 እ.ኤ.አ. ባካሄዱት ዘመቻ እጅግ ብዙ ሐዛራዎች ተገድለዋል፣ በባርነት ተሸጠዋል፣ ተሰደዋል።

ታሊባን በ1998 እ.ኤ.አ. የአፍጋኒስታኗን ከተማ ማዛሪ ሻሪፍን ሲይዝ በሐዛራዎች ላይ የፈጸመውን ጭፍጨፋ የመብት ተሟጋቹ ድርጅት ሂዩማን ራይትስ ዎች በዚያው ዓመት ይፋ አድርጓል። በጃንዋሪ 2013 በፓኪስታኗ ኩዌታ በደረሰው የቦምብ ጥቃት የሞቱትን ቤተሰቦቻቸው አንቀብርም ብለው፣ አስከሬኑን በብርዱ መንገድ ላይ አስቀምጠው ለቀናት ተቀመጡ፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩ መጥተው የክፍለ ግዛቱን አስተዳደር እስኪያነሱ ድረስ አልተነሡም። ይህ የሟች ቤተሰቦች ተቃውሞ ከየትኛውም የውግዘት መግለጫ ይልቅ ፈጣን ውጤት አስገኝቷል። በሴፕቴምበር 2022 በካቡል የካጅ ትምህርት ማዕከል ለዩኒቨርሲቲ መግቢያ የልምምድ ፈተና ላይ የነበሩ፣ አብዛኞቹ ልጃገረዶች የሆኑ 53 ሰዎች ሲገደሉ በበርካታ አገሮች ሰልፍ ተካሂዷል።

ዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት በኦክቶበር 2022 የአፍጋኒስታን ምርመራው እንዲቀጥል ፈቅዷል። በጁላይ 2025 በሁለት የታሊባን መሪዎች ላይ ያወጣው የመያዣ ትዕዛዝ ግን በዋናነት በጾታ ምክንያት የተፈጸመ በደልን እንጂ የሐዛራዎችን ግድያ የሚመለከት አይደለም።