ሆይ አን

ሆይ አን በማዕከላዊ ቬትናም፣ በቱ ቦን ወንዝ አፍ አጠገብ የምትገኝ ጥንታዊ የወደብ ከተማ ናት። በ16ኛውና በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከደቡብ ምሥራቅ እስያ ታላላቅ ገበያዎች አንዷ ነበረች፤ ዛሬ የምትተዳደረው በዋናነት ከጎብኚዎች በሚገኝ ገቢ ነው።

የንጉዬን መሳፍንት ወደቡን ለውጭ ነጋዴዎች ክፍት ሲያደርጉ ቻይናውያንና ጃፓናውያን፣ ፖርቱጋሎችና ሆላንዶችም ሐር፣ ሸክላና ቅመም ፍለጋ ጎረፉ። አውሮፓውያን ከተማዋን ፋይፎ ይሏት ነበር። ጉዞው በሞንሱን ነፋስ የሚወሰን ስለነበር፣ አንዱ ነፋስ ያመጣቸው ነጋዴዎች የመመለሻው እስኪነሳ ወራት መቆየት ግድ ይሆንባቸው ነበር። ብዙዎቹም በዚያው ቤት ሠርተው ቀሩ። የቻይናውያኑ የመሰብሰቢያ አዳራሾችና ጣሪያ ያለው የጃፓን ድልድይ የዚያ ዘመን አሻራዎች ናቸው። ድልድዩ ዛሬ በ20,000 ዶንግ የገንዘብ ኖት ላይ ታትሞ ይገኛል።

በ1770ዎቹ የታይ ሶን ጦርነት ከተማዋን ጎዳት። በቀጣዩ መቶ ዓመት ደግሞ ወንዙ በደለል ተሞላ፤ ትልልቅ መርከቦችም ፊታቸውን በስተሰሜን ወዳለችው ዳ ናንግ አዞሩ። ሆይ አን ደኸየች፤ ለዛሬ ያቆያትም ይኸው ድህነት ነው ማለት ይቻላል። ነባሩን አፍርሶ በአዲስ ለመተካት የሚያነሳሳ ሀብት ስላልነበረ፣ የእንጨት ቤቶቹ ከአባት ወደ ልጅ እየተላለፉ ዘለቁ። የ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጦርነቶችም አሮጌውን ሰፈር ብዙ አልነኩትም።

በ1980ዎቹ በአቅራቢያው ያለውን የሚ ሶን ፍርስራሽ ለመጠገን የመጣው ፖላንዳዊ አርክቴክት ካዚሚየሽ ክቪያትኮቭስኪ የቤቶቹን ዋጋ ተረድቶ እንዲጠበቁ አጥብቆ ተሟገተ። ከተማዋ ሐውልት አቁማለታለች፤ የሚገባውም ነው። በ1986 የተጀመረው የዶይ ሞይ የኢኮኖሚ ማሻሻያ አገሪቱን ለጎብኚ ከፈተ። በ1999 ዩኔስኮ ከ1,000 በላይ የእንጨት ሕንፃዎች ያሉትን ሰፈር በዓለም ቅርስነት መዘገበ። የሞተር ተሽከርካሪ በአሮጌው ሰፈር ተገድቧል፤ በጨረቃ አቆጣጠር በየወሩ በ14ኛው ሌሊት ጎዳናዎቹ በፋኖስ ይደምቃሉ።

ከጎብኚዎች የሚገኘው ገቢ ግን ዋጋ አስከፍሏል። ቤተሰብ ይኖርባቸው የነበሩ ብዙ ቤቶች ለልብስ ሰፊዎች፣ ለምግብ ቤቶችና ለመታሰቢያ ዕቃ ሻጮች ተከራይተዋል። ግድግዳው ሲጠበቅ ነዋሪው ከለቀቀ ቅርሱ ግማሽ ነው። በዚህ ላይ ወንዙ በዝናቡ ወራት እየሞላ ቤቶቹን ያጥለቀልቃል፤ የኩዋ ዳይ የባሕር ዳርቻም በማዕበል እየተሸረሸረ ነው። የጃፓን ድልድይ ተጠግኖ በ2024 ሲከፈት ብዙዎች ቀለሙ አዲስ አስመስሎታል ብለው ቅር ተሰኝተዋል፤ ጠጋኞቹ በበኩላቸው የቀድሞ መልኩን አጥንተው እንደሠሩት አስረድተዋል።