ዓባይ ያደረበት ዳርቻ

ጠጋ ጠጋ በሉ፣ ወገኖቼ። የምተርክላችሁ የአንድ ቀን ጉዞ ነው፤ መንገዱ ግን ከእኛ በፊት ብዙ እግር የረገጠው ነውና ቀስ ብለን እንሄድበታለን።

ወሩ ጥር፣ ቀኑ ዐርብ ነበር። በእስራኤል የባሕር ዳርቻ፣ አሽዶድ በምትባል የወደብ ከተማ፣ ጎንደር ሳለን አብረን ከብት ከጠበቅነው ወዳጄ ቤት በእንግድነት አድሬ ነበር። ጎሕ ሲቀድ ለመንገድ ስንነሣ እናቱ ነጠላቸውን አጣፍተው ብቅ አሉና፣ «ሊጥ አቡክቼ አድሬያለሁ፤ የሰንበት ዳቦዬን ሳልጋግር ፀሐይ እንዳትጠልቅብኝ» ብለው መኪናው ውስጥ ገብተው ተቀመጡ። እኚህ እናት በግንቦት 1983 ዓ.ም. ከ14,000 በላይ ቤተ እስራኤላውያን በ36 ሰዓት ውስጥ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ሲወሰዱ፣ የዐሥር ዓመት ልጃቸውን እጅ ይዘው የመጡ ናቸው።

አሽዶድን መጽሐፍ አዛጦን ይላታል። ፊልጶስ በጋዛ መንገድ በሠረገላው ተቀምጦ ኢሳይያስን ያነብ የነበረውን ኢትዮጵያዊ ጃንደረባ፣ በዓባይ ዳር የነገሠችውን የህንደኬን ሹም፣ ካጠመቀው በኋላ የተገኘው በዚህች ከተማ ነው። ጃንደረባው ደስ እያለው ወደ አገሩ ወረደ፤ ፊልጶስም ከተሞቹን ሁሉ እየዞረ እስከ ቂሣርያ ወጣ። እኛም መቶ ኪሎ ሜትር የማይሞላውን የፊልጶስን መንገድ ተከትለን፣ ባሕሩን በግራችን አድርገን ወደ ሰሜን ተጓዝን።

መጀመሪያ ኢዮጴ ደረስን፤ ዮናስ ወደ ተርሴስ ለመኮብለል መርከብ የፈለገባት ኢዮጴ። ነፋሱ ብርድ ነበረው፣ ማዕበሉም ድንጋዩን እየመታ አረፋ ይረጫል። መረቡን የሚጠግን አንድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ እማማን አየና፣ ምንም ሳይናገር ከቅርጫቱ አንድ ብርቱካን አንሥቶ በሁለት እጁ ሰጣቸው። እርሳቸውም በሁለት እጃቸው ተቀብለው፣ እጅ ነሥተው፣ ልጠው ለሦስት አካፈሉን።

ከዚያም ናታንያ ደረስን። ከተማዋ ገደል አፋፍ ላይ ተቀምጣለች፣ ባሕሩም ከሥር ነው። የአገራችን ሰዎች በርክተው ይኖሩባታልና፣ ገና ከመኪና ስንወርድ አንዲት ሴት «እንዴት አደራችሁ!» ብላ ሳመችን። ደረጃውን ቀስ ብለን ወረድንና እማማ ጫማቸውን አውልቀው አሸዋው ላይ ቆሙ። ወደብ ላይ የሚሠራው ልጃቸው ያን ጊዜ እንዲህ አለ፦ «እማዬ፣ የቆምሽበትን አሸዋ ያመጣው ናይል ነው። ግብፅ ላይ ባሕር ሲገባ ያራግፈው የነበረውን ሞገዱ ተቀብሎ በሲናና በጋዛ በኩል እየገፋ እስከ ሃይፋ ያደርሰዋል። ናይል ይሸከመው የነበረው ደለል ደግሞ አብዛኛው ከእኛ ደጋ በክረምት የታጠበ ነው፤ የአስዋን ግድብ በ1970 እ.ኤ.አ. ተሠርቶ እስኪያስቀረው ድረስ።»

እማማ ለብዙ ጊዜ ዝም አሉ። እኔም አባቴ እርከን ሲሠራ፣ ጎርፍም እርሻውን ሲወስድበት፣ ማሳው ዳር ቆሞ የሄደውን ውኃ በዓይኑ ሲሸኝ ታየኝ። ከዚያ እማማ፣ «ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል ስንል ኖርን» አሉ፤ «ለካ እዚህ ኖሯል የሚያድረው።»

ቂሣርያ ስንገባ ሰማዩ ጠቁሮ ካፊያ ጀመረ። ሄሮድስ ከጣሊያን ባስመጣው የእሳተ ገሞራ አመድ ውኃ ውስጥ የሚጠነክር ድንጋይ አስቦክቶ የሠራው ያ ታላቅ ወደብ ዛሬ ፈርሶ ባሕር ውስጥ ተኝቷል። በቴአትሩ ፍርስራሽ ውስጥም የጲላጦስ ስም የተቀረጸበት ድንጋይ በ1961 እ.ኤ.አ. ተገኝቷል። ንጉሡም ገዢውም አልፈዋል፤ የውኃ ማስተላለፊያው ቅስት ግን አሁንም አሸዋው ላይ ቆሟል። እማማ ቅስቱ ሥር ጎንበስ ብለው አንድ ጭብጥ አሸዋ ዘገኑ፣ በነጠላቸው ጫፍም ቋጠሩት፤ ማናችንም ለምን አላልናቸውም። «እንመለስ፣ ሊጤ ኩፍ ብሏል» አሉ።

አሽዶድ ስንደርስ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። እማማ ግን ሊጡን አላስቀደሙም፤ በረንዳ ላይ ወጥተው ቋጠሯቸውን ፈቱና አሸዋውን በጣሳ ከተከሉት በሶብላ ሥር አፈሰሱት፣ በመዳፋቸውም መታ መታ አደረጉት፣ ከዚያም እጃቸውን ታጥበው የሰንበት ዳቦአቸውን ሊጋግሩ ገቡ።