ፍሬን በጠሰ

«ፍሬን» እና «ጎማ» ከጣልያንኛ የወረስናቸው ቃላት ናቸው። «ፍሬን በጠሰ» የሚለው አነጋገር ግን የራሳችን ነው። በጥንቱ ሞተር ብስክሌት የፊት ፍሬኑን የሚስበው ሽቦ ነበርና፣ ሽቦው ሲቆረጥ ፍሬኑ በእርግጥም ይበጠስ ነበር።

በ1961 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1969) ሆንዳ «ሲቢ 750» የተባለውን ሞተር ብስክሌት በዘይት ግፊት ከሚሠራ የፊት ዲስክ ፍሬን ጋር ለገበያ አቀረበ። በዚህ ዓይነቱ ፍሬን ሽቦ የለም። ጣት ሲጨብጥ ዘይቱ ፒስቶኑን ይገፋል፤ ፒስቶኑም ሸራውን ከዲስኩ ጋር ያጣብቃል። ጣት ሲለቅ፣ ተለጥጣ የነበረችው ጎሚኒ ወደ ቦታዋ ስትመለስ ፒስቶኑን ይዛው ትመለሳለች።

እንግዲህ አሮጌ ፍሬን ማደስ ማለት ፒስቶኑን አውጥቶ ዝገቱን መመርመር፣ የጎሚኒዋን ቦይ መጥረግ፣ ጎሚኒዋንና ዘይቱን መለወጥ ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል፤ እርጥበት የጠጣ ዘይት ሲግል ቶሎ ይፈላል። እንፋሎት ደግሞ ሲጫኑት ይታመቃል እንጂ ፒስቶን አይገፋም።

እኛ የአምበር ሰዎች ይህን ቸል ልንል አይገባንም። ወደ አዲስ አበባ ስንጓዝ ከደጀን ማዶ ዓባይ በረሃ ይጠብቀናል፤ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ የሚወርድ ቁልቁለት ነው። በዚያ መንገድ ላይ የሰው ነፍስ በትንሿ ጎሚኒና በጥቂት ዘይት ላይ ተንጠልጥላለች። በባንክ ቤት ሒሳብ ሳወራርድ የምውል ሰው ነኝ፤ እንዲህ ያለ ሚዛን ግን በየትኛውም መዝገብ አላየሁም።

በብዙ ሞተር ብስክሌት ላይ ሽቦው ከቀረ ቆይቷል። ዛሬ ዘይቱ ሲፈላም፣ ጎሚኒዋ ስታፈስም የምንለው ግን ያው «በጠሰ» ነው። ቃሉ እንደ ጥንቱ ይኑር፤ ጎሚኒዋ ግን ትለወጥ።