አንድ ሺህ ሰዓት

«የድሮ ዕቃ እኮ እንዲህ አልነበረም!» ይህቺን ሳይሰማ ያደገ ሰው ያለ አይመስለኝም። ጫማ ሲቀደድ፣ ቻርጀር ሲበጠስ፣ የኤሌክትሪክ ምጣድ ሲቃጠል ትመጣለች። እኔን የሚከነክነኝ ሌላ ነው፤ እውነት የዕቃ ዕድሜ እያጠረ ከሆነ፣ እንዲያጥር የወሰነው ማነው? ቢያንስ ለአንድ ዕቃ፣ ለአምፖል፣ መልሱ ከነቦታው ይታወቃል።

በፈረንጆቹ ዲሴምበር 1924 ነው፤ ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም በእነሱ አቆጣጠር ናቸው። የጀርመኑ ኦስራም፣ የሆላንዱ ፊሊፕስ፣ የፈረንሳዩ ኮምፓኒ ደ ላምፕና ሌሎች ትላልቅ አምራቾች ጄኔቫ ላይ ፊበስ የተባለ ካርቴል አቋቋሙ። የአሜሪካው ጄኔራል ኤሌክትሪክም በውጭ አገር ኩባንያዎቹ በኩል እጁ ነበረበት። ገበያውን በኮታ ተከፋፈሉ። የመደበኛ አምፖል ዕድሜም 1,000 ሰዓት እንዲሆን ተስማሙ። በዚያን ጊዜ 1,500 ሰዓትና ከዚያም በላይ የሚያበራ አምፖል ብርቅ አልነበረም።

ነገሩ ወረቀት ላይ ብቻ አልቀረም። አባላቱ ናሙና ወደ ስዊዘርላንድ ላቦራቶሪ ይልካሉ፤ እዚያ አምፖሉ በርቶ ሰዓቱ ይቆጠራል። አምፖሉ ከተወሰነው ልክ አልፎ የቆየበት ፋብሪካ በስዊዝ ፍራንክ ይቀጣል። ልብ በሉ፤ ዕቃው ስለቆየ ነው የሚቀጣው።

እዚህ ላይ «ሌቦች!» ብሎ መሄድ ይቀላል። ግን ታሪኩ ሌላም ወገን አለው። የአምፖል ክር በጋለ ቁጥር ብርሃኑ ይደምቃል፤ በሚበላው ኤሌክትሪክ ልክም ብዙ ብርሃን ይሰጣል። ግን ቶሎ ሳስቶ ይበጠሳል። ሙቀቱን ቢቀንሱለት ዕድሜው ይረዝማል፣ ብርሃኑ ደግሞ ይደክማል። በካሊፎርኒያ፣ ሊቨርሞር ከተማ፣ በእሳት አደጋ ጣቢያ ውስጥ ከ1901 ጀምሮ የሚያበራ አምፖል አለ። «አያችሁ የድሮ ዕቃ!» ለሚሉ ሰዎች የመጀመሪያው ምስክር እሱ ነው። በእሱ ብርሃን ግን ማንበብ አትችሉም፤ ፍም ነው የሚመስለው። ደግሞስ የዘመን ጓደኞቹ የት ገቡ? ከድሮ ዕቃ ዛሬ የምናየው የተረፈውን ብቻ ነው። በእኛም ቤት የአያቶቻችን ብረት ድስት ይታያል እንጂ፣ የተሰበረውን ቆራሌው ከወሰደው ስንት ዘመኑ!

የእንግሊዝ የሞኖፖል ኮሚሽንም በ1951 ጉዳዩን መርምሮ፣ 1,000 ሰዓት ለአብዛኛው አገልግሎት ተገቢ ማመጣጠኛ ነው ብሏል።

ስለዚህ የእኔ ጠብ ከቁጥሩ ጋር አይደለም። ደማቅና አጭር ዕድሜ ይሻላል ወይስ ደብዛዛና ረጅም? ጥያቄው የደንብ ነው። መመለስ የነበረበት ግን የመብራት ሂሳብ የሚከፍለው ሰው ነው። ማታ ልብስ የሚሰፋና ኮሪደር ላይ አምፖል የሚሰቅል ሰው ፍላጎታቸው አንድ አይደለም። ጄኔቫ ላይ ግን ገዢ አልተጋበዘም። 1,000 ሰዓት ለገዢው ያን ያህል የሚበጅ ቢሆን ኖሮ ቅጣቱ ምን ያደርጋል? ከዚያ የዘለለውን ገበያው ራሱ ይቀጣው ነበር።

ገዢዎችም ዝም አላሉም። በስዊድን የሸማቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት በ1930ዎቹ መጀመሪያ ሉማ የተባለ የራሳቸውን አምፖል ፋብሪካ ከፍተው ከካርቴሉ በረከሰ ዋጋ መሸጥ ጀመሩ። ፊበስን የበተነው ግን ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነው።

ጥያቄው ግን አብሮ አልተበተነም። የዛሬው ኤልኢዲ አምፖል ሲጠፋ፣ ብዙ ጊዜ የሞተው ብርሃን ሰጪው ክፍል ሳይሆን ኤሌክትሪኩን የሚያስተካክልለት ትንሽ ሰርኪዩት ነው። አምፖሉ ስለማይከፈት ሁሉም አብሮ ይጣላል። የብዙ ስልኮች ባትሪም በሙጫ ተጣብቆ ነው የሚመጣው። መርካቶ ምናለሽ ተራ ያሉ ባለሙያዎች ካረጀ ቆርቆሮ አዲስ ዕቃ ያወጣሉ፤ እንዳይከፈት ተደርጎ የተሠራ ዕቃ ግን የእነሱንም እጅ ያስራል። ፈረንሳይ በ2015 የዕቃን ዕድሜ ሆን ብሎ ማሳጠርን እስከ 2 ዓመት የሚያሳስር ወንጀል አድርጋዋለች።

እኛ ሱቅ ስንገባ «ኦርጅናል ነው?» ማለት ለምደናል። አንድ እንጨምርበት፤ «ሲበላሽ ይከፈታል?» ጄኔቫ ላይ ማንም ያልጠየቀን ነገር ስለሆነ፣ ጠያቂዎቹ እኛ መሆን አለብን።