የሥራ ላይ አደጋ መከላከያ አልባሳትና መሣሪያዎች ገበያ

የሥራ ላይ አደጋ መከላከያ አልባሳትና መሣሪያዎች ገበያ ሠራተኛን ከጉዳት የሚጠብቁ ዕቃዎች የሚመረቱበት፣ የሚፈተሹበትና የሚሸጡበት የንግድ ዘርፍ ነው። ዋና ዋናዎቹ ዕቃዎች ሄልሜት፣ ቱታ፣ ጓንት፣ መነጽር፣ የጆሮ መከላከያ፣ ማስክ፣ አንጸባራቂ ሰደርያ፣ ሴፍቲ ጫማና ከከፍታ መውደቅን የሚከላከል ቀበቶ ናቸው።

ፍላጎቱን በአብዛኛው የሚፈጥረው ሕግ ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 የጸደቀው የዓለም የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 155 የደህንነት እርምጃዎች ወጪ በሠራተኛው ላይ እንዳይጫን ይደነግጋል። በኢትዮጵያም የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የመከላከያ ልብስና መሣሪያ እንዲያቀርብ፣ ስለ አጠቃቀማቸውም መመሪያ እንዲሰጥ ያስገድዳል። በመሆኑም ገዢው አሠሪ፣ ተጠቃሚው ሠራተኛ ነው፤ ግዢው በዋጋ ብቻ ሲወሰን ጉዳቱ የሚያርፈው በሠራተኛው አካል ላይ ነው።

የዕቃው ብቃት በዓይን አይለይም፤ በፍተሻ ይረጋገጣል። በደረጃ አይ.ኤስ.ኦ. 20345 መሠረት የሴፍቲ ጫማ አፍንጫ 200 ጁል ጉልበት ያለውን ምት መቋቋም አለበት። ይህም 20 ኪሎ ግራም ክብደት ከ1 ሜትር ከፍታ ሲወድቅ ከሚፈጥረው ምት ጋር ይቀራረባል። ደረጃውን የሚያመለክተው ምልክት ጫማው ላይ ይታተማል።

ምርቱ በጥቂት አገሮች መከማቸቱ የዘርፉ ድክመት ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 በኮቪድ-19 ምክንያት ፍላጎት ሲያሻቅብ፣ ከቻይና የሚመጣው ማስክና ከማሌዥያ የሚመጣው የጎማ ጓንት በዓለም ዙሪያ እጥረት ገጠመው፤ ከደረጃ በታች የሆነ ዕቃም ገበያው ውስጥ ተሰራጨ።