ጀርመን «በነፃ» ለመማር ስንት ዩሮ ያስፈልጋል?

«ጀርመን ዩኒቨርሲቲ ነፃ ነው» ሲባል ሳትሰሙ አትቀሩም። እውነት ነው፤ ግን ሙሉው ታሪክ አይደለም።

▪️ የትምህርት ክፍያ፦ አብዛኞቹ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የውጭ ተማሪንም አያስከፍሉም። ሃይደልበርግና ሽቱትጋርት ያሉበት የባደን ቩርተምበርግ ግዛት ግን ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የመጣን ተማሪ በሴሚስተር 1,500 ዩሮ ያስከፍላል።

▪️ ማመልከቻ፦ ብዙዎቹ የሚቀበሉት ዩኒ አሲስት በሚባለው ተቋም በኩል ነው። ለመጀመሪያው ማመልከቻ 75፣ በዚያው ሴሚስተር ለሚጨመር ለእያንዳንዱ 30 ዩሮ ይከፈላል።

▪️ ብሎክድ አካውንት፦ ብዙው ሰው የሚቸገረው እዚህ ጋ ነው። ቪዛ ለማግኘት የአንድ ዓመት መኖሪያ፣ ማለትም 11,904 ዩሮ፣ አስቀድሞ መግባት አለበት። ይህ መጠን ከ2024 ሴፕቴምበር (እንደ አውሮፓውያን) ጀምሮ የሚሠራ ነው፤ ስለሚቀያየር ከማስገባታችሁ በፊት ኤምባሲው ገጽ ላይ አረጋግጡ። ገንዘቡ ክፍያ አይደለም፣ የራሳችሁ ነው። እዚያ ስትደርሱ በወር 992 ዩሮ እየተለቀቀ ትኖሩበታላችሁ። በቂ ስኮላርሺፕ ያገኘ፣ ወይም ጀርመን የሚኖር ሰው ወጪውን እሸፍናለሁ ብሎ በመንግሥት ቢሮ የፈረመለት ተማሪ ይህን ማቅረብ ላያስፈልገው ይችላል።

▪️ ሥራ፦ «እዚያ ሠርቼ እሸፍናለሁ» ማለት ለቪዛ አይበቃም። ከደረሳችሁ በኋላ ግን በዓመት 140 ሙሉ ቀን መሥራት ይፈቀዳል።

⚠️ «ብሩን ለኔ ላኩልኝ፣ እኔ አስገባላችኋለሁ» የሚል ደላላ ከመጣ ተጠንቀቁ። አካውንቱ የሚከፈተው በተማሪው ስም ነው። የቤተሰብ ጥሪት በግለሰብ አካውንት እንዳይገባ!

ለሚያስፈልገው ጓደኛችሁ ሼር አድርጉለት።