«ተስማሚነት»፦ የአንድ ስያሜ ታሪክ

ለላስታና ለላሊበላ የጤና ባለሙያዎች ስለ ቁንጭር በአማርኛ ለመጻፍ የሚነሣ ተርጓሚ፣ «ቲ ሴል ባዕዱን ይለያል» ብሎ ቢጽፍ ሁለት ጊዜ ይሳሳታል። «መለየት» በቋንቋችን ማወቅም መነጠልም ነው፤ ስለ ሞተ ሰው «ተለየን» እንላለንና። ሁለተኛው ስሕተት የነገሩ ነው፤ ቲ ሴል ባዕዱን ብቻውን አያውቀውም።

ነገሩን ያጨለመው የስያሜው ታሪክ ይመስለናል። ፒተር ጎረር እ.ኤ.አ. በ1936 በለንደን፣ ቀጥሎም ጆርጅ ስኔል በአሜሪካ፣ ከአንዱ አይጥ ወደ ሌላው የተተከለ ዕጢ ስለምን አንዳንዴ እንደሚጸድቅ፣ አንዳንዴም እንደሚጠፋ ሲመረምሩ ይህን የሚወስኑ የዘር ምልክቶች አገኙ። ስኔል በ1948 «የሕብረ ሕዋስ ተስማሚነት» ዘሮች አላቸው። ዣን ዶሴም በ1958 የሰውን ገለጸ። ስሙ የወጣው እንግዲህ ከንቅለ ተከላ ነው፤ ተፈጥሮ ግን ንቅለ ተከላን አስባ አልሠራቻቸውም።

እውነተኛ ተግባራቸው የታወቀው ዘግይቶ ነው። ሮልፍ ዚንከርናገልና ፒተር ዶኸርቲ በ1974 በካንቤራ እንዳሳዩት፣ በቫይረስ የተለከፈ አይጥ ቲ ሴሎች የተለከፈን ሴል የሚገድሉት፣ ሴሉ የራሳቸውን ዐይነት ምልክት ሲይዝ ብቻ ነው። በ1987 የታተመው የሞለኪውሉ ቅርጽ ምክንያቱን ገለጠ፤ ዐናቱ ላይ ቦይ አለ፣ በቦዩም ውስጥ የፕሮቲን ቁራሽ ይቀመጣል። ቲ ሴል ቁራሹንና ያዢውን ባንድነት ይመረምራል፤ ደብዳቤን ከነማኅተሙ እንደሚያይ ሰው።

ወደ ቁንጭር እንመለስ። የአሸዋ ዝንብ ጥገኛውን በደጋ ገደሎች ከሚኖረው ሽኮኮ ወደ ሰው ታመጣለች። ጥገኛው በሴል ውስጥ ስለሚሸሸግ፣ የሚታወቀው ቁራሹ በሴሉ ገጽ ላይ ሲወጣ ነው። ብዙው ቁስል ከጊዜ በኋላ ጠባሳ ትቶ ይድናል። አንቶኒ ብራይስሰን በ1969 ከኢትዮጵያ በዘረዘረው ተሠራጪ ዐይነት ግን ቲ ሴሎቹ ለጥገኛው ምላሽ አይሰጡም፤ እብጠቱ በቆዳ ላይ ይስፋፋል፣ በራሱም አይድንም። በ1970 በአዲስ አበባ የተቋቋመው የአርማወር ሀንሰን የምርምር ተቋም በሥጋ ደዌ ላይ የመረመረውም የዚሁ ዘመድ የሆነ ጥያቄ ነው።

ታዲያ ስሙ ይለወጥ? «አቅራቢ ሞለኪውል» ማለት ይቻል ነበር፤ ቃሉ ግን የገበያ ሽታ አለው። ደግሞም ከ2015 ጀምሮ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ኩላሊት ሲተከል ተስማሚነት የሐኪሙም የሕመምተኛውም ቃል ሆኗል። ስሙን እናቆየው። ግሡን በተመለከተ ግን፣ ዐረፍተ ነገሩ ቢረዝምም፣ «ቲ ሴል በተስማሚነት ሞለኪውል ላይ የተቀመጠውን የባዕድ ቁራሽ ለይቶ ያውቃል» እንዲባል እንመርጣለን።